በቆጮው ጉድጓድ ውስጥ እነማን አሉ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይቆይና ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የሳይንስ ዝግጅታችን ነው። ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ሥራችሁን ሳታቋርጡ ጆሯችሁን ብቻ ስጡን።

በጥያቄ እንጀምር። እንሰቱ ተፍቆ፣ አሚቾው ተከትክቶ፣ በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ሳምንታት ያልፋሉ። ሲከፈት ሽታው ተለውጧል፣ ጣዕሙ ጎምዝዟል፣ ሊጡም ለስልሷል። ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አልገባም፤ እሳትም አልነደደም። ታዲያ ይህን ሁሉ ሥራ የሠሩት እነማን ናቸው?

(አጭር ፋታ)

ሕዋሳት ናቸው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ጉድጓዱ ውስጥ የእንሰቱ የራሱ ሕዋሳት አሉ። ባክቴሪያዎች አሉ። ከጠላና ከዳቦ ሊጥ የምናውቀው ይስትም አለ። ሦስቱን በማይክሮስኮፕ የመረመረ ሰው ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል፤ እንሰቱና ይስቱ በአንድ ወገን፣ ባክቴሪያዎቹ በሌላ ወገን።

የዛሬው ርዕሳችን ይህ ክፍፍል ነው። በትምህርት ቤት ፕሮካርዮትና ዩካርዮት እየተባለ ለፈተና ይሸመደዳል፤ ከፈተናው ማግስት ይረሳል። መረሳቱ ያሳዝነኛል። በማሳችን፣ በማድቤታችንና በመድኃኒት መደርደሪያችን ላይ በየቀኑ የሚሠራ ልዩነት ነውና።

ልዩነቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዩካርዮት ሕዋስ የዘር መመሪያውን፣ ዲኤንኤ የምንለውን፣ በሽፋን ከልሎ ኑክለስ ውስጥ ያስቀምጣል። ፕሮካርዮት ሕዋስ ኑክለስ የለውም። ዲኤንኤው ከሌላው የሕዋሱ ይዘት ጋር በአንድነት ነው የሚገኘው።

ልድገመው። ኑክለስ ካለ ዩካርዮት፤ ኑክለስ ከሌለ ፕሮካርዮት።

እነማን በየትኛው ወገን ናቸው? ፕሮካርዮት የሚባሉት ባክቴሪያዎችና አርኬያ የተባሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ዩካርዮት ደግሞ የቀረው ሁሉ ነው፦ እንሰቱ፣ ቡናው፣ የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ፣ ጉማሬው፣ እንጉዳዩ፣ እኔና እናንተ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ። «አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጡር ሁሉ ፕሮካርዮት ነው» ይላል። እውነት ነው?

(አጭር ፋታ)

አይደለም። ይስት አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ኑክለስ ግን አለው። አሜባም እንዲሁ። በክረምት መውጫ ብዙ ቤት የሚያንኳኳው የወባ ጥገኛ ተሕዋሲም አንድ ሕዋስ ነው፤ እሱም ኑክለስ አለው። ስለዚህ የሕዋሱን ቁጥር ሳይሆን ውስጡን ነው የምናየው።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ወደ ውስጥ እንግባ። ሁለት የልብስ መስፊያ ቦታዎችን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። አንደኛው በሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ነው። አንዲት ክፍል አለችው። ንድፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጨርቁ፣ መቀሱ፣ የስፌት መኪናው፣ ካውያው ሁሉም እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው። ትእዛዝ ሲመጣ ወዲያው ይጀምራል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። እዚያ ቢሮው ለብቻ ነው፤ ማምረቻ ሼዶቹ ለብቻ፣ መጋዘኑ ለብቻ፣ የኃይል ማከፋፈያው ለብቻ፣ የፍሳሽ ማጣሪያውም ለብቻ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልስ መንገድ አለ።

ልብስ ሰፊው ፕሮካርዮት ነው። ፓርኩ ዩካርዮት። በዩካርዮት ሕዋስ ውስጥ በየራሳቸው ሽፋን ተከልለው የየራሳቸውን ሥራ የሚሠሩት ክፍሎች ኦርጋኔል ይባላሉ። ኑክለሱ ዋናው ንድፍ የሚቀመጥበት ቢሮ ነው። ዋናው ንድፍ ከዚያ አይወጣም፤ አርኤንኤ የሚባለው ቅጂው ነው በበሮቹ አልፎ የሚወጣው። ማይቶኮንድሪያ ኃይል ያመርታል። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና ጎልጂ የተሰፋውን ያስተካክላሉ፣ ያሽጋሉ፣ ወደሚሄድበት ይልካሉ። ላይሶሶም አሮጌውን ይፈጫል።

የልብስ ሰፊው ክፍል ውስጥ እነዚህ ሼዶች የሉም። ሥራዎቹ ግን አሉ። ብዙ ባክቴሪያዎች ኃይላቸውን የሚያመርቱት ሕዋሱን በከበበው ስስ ሽፋን ላይ ነው። የንድፉም ነገር ያስገርማል። ቢሮና ሼድ የሚለይ ግድግዳ ስለሌለ፣ ቅጂው ገና ተጽፎ ሳያልቅ ከወዲያ ጫፍ ስፌቱ ተጀምሯል። በዩካርዮት ይህ አይሆንም፤ ቅጂው ተጠናቅቆና ተስተካክሎ ከኑክለስ እስኪወጣ ይጠበቃል።

አሁን አንድ ነገር በአእምሯችሁ ያዙልኝ። የስፌት መኪናው ሁለቱም ጋ አለ። ራይቦሶም ይባላል፤ ፕሮቲን የሚሠራው እሱ ነው። ያለ ራይቦሶም ሕዋስ አዲስ ፕሮቲን ሊሠራ አይችልም። ሆኖም የሁለቱ ሞዴል ይለያያል። የፕሮካርዮቱ አነስ ያለ ነው፤ ቅርጹም የተለየ። ይህ ትንሽ ልዩነት ስንት ሰው እንዳዳነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ስለ መጠናቸውም ጥቂት ልበል። አንድ ሚሊሜትርን ለሺህ ክፈሉት። አንድ የተለመደ ባክቴሪያ ርዝመቱ ከእነዚያ አንዱን ወይም ጥቂቱን ይሆናል። የእንሰት ወይም የሰው ሕዋስ ግን ብዙ ጊዜ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ነው።

ብዙ መጻሕፍት ፕሮካርዮትን «ቀላል»፣ ዩካርዮትን «የረቀቀ» ብለው ያልፋሉ። ይህ አባባል ለእኔ አይዋጥልኝም። ፕሮካርዮቶች ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ በምድር ላይ ኖረዋል። ምቹ ሁኔታ ሲያገኙ አንዳንዶቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል። በአንዲት ክፍል እንዲህ መኖር ከተቻለ፣ ክፍሏ ምን ጎደላት?

(አጭር ፋታ)

ወደ እንሰቱ እንመለስ። እንሰት ሲፋቅ የሚወጣው ሁሉ ከሕዋስ ክፍሎች የመጣ ነው። ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፕላስት የተባለው ኦርጋኔል ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ይዞ ስኳር ይሠራል። ግንዱ ቢቆረጥ ብዙ ውሃ ይወርዳል፤ አብዛኛው በሕዋሱ መካከል ሰፊ ቦታ ከያዘው ቫኩዮል ከተባለው ኦርጋኔል የመጣ ነው። እንሰት ደረቁን ወር እንዲቋቋም ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ውሃ ነው።

ቃጫውስ? ቃጫ የሕዋስ ግድግዳ ነው። የእንሰት ሕዋስ ከሽፋኑ ውጪ ከሴሉሎስ የተሠራ ጠንካራ ግድግዳ አለው። በቃጫው ውስጥ የነበሩት ሕዋሳት ረዝመውና ግድግዳቸውን አወፍረው ኖረዋል፤ እናቶች ፍቀው የሚያወጡት እሱን ነው።

ቡላ ደግሞ ከየት ይመጣል? የተፋቀው ሲጨመቅ ፈሳሹ ይወርዳል፤ ሲያድር ነጩ ነገር ከሥር ይዘቅጣል። ያ ነጭ ነገር ስታርች ነው። ከመፋቁ በፊት አሚሎፕላስት በተባለ ኦርጋኔል ውስጥ ተከማችቶ ነበር። አሚሎፕላስት የክሎሮፕላስት የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱ ግን አረንጓዴ አይደለም፤ ሥራው ማከማቸት ነው። ስለዚህ የቡላ ገንፎ የበላ ሁሉ ከኦርጋኔል መጋዘን የወጣ ቀለብ በልቷል።

አሁን ባክቴሪያዎቹ ይምጡ። ቆጮ ሲብላላ ምን እንደሚሆን ያጠኑ ተመራማሪዎች ተራ በተራ የሚመጡ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል። መጀመሪያ ሉኮኖስቶክ የተባለው ይበዛል። ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣል። አሲዱ እየጨመረ ሲሄድ ለሉኮኖስቶክ ራሱ ይከብደዋል፤ ያኔ አሲድን ይበልጥ የሚችለው ላክቶባሲለስ ቦታውን ይረከባል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ማይቶኮንድሪያ የላቸውም፤ ኦክስጅንም አያሻቸውም። በኮባ በታፈነው ጉድጓድ ውስጥ ስኳሩን እየሰበሩ ይኖራሉ፤ ላክቲክ አሲዱ ሲተርፋቸው ወደ ውጪ ይጥሉታል። የሚያበላሹ ብዙ ተሕዋስያን ያንን ጉምዛዜ አይችሉትም። ቆጮ ወራት ተቀምጦ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። ለፍቼ ጨምበላላ በቅቤ ርሶ የሚቀርበው ቡርሳሜ በእነዚህ ኑክለስ በሌላቸው ሠራተኞች እጅ አልፎ ነው ገበታ ላይ የደረሰው።

ወተት እርጎ የሚሆነውም በእነሱ ዘመዶች ነው። በጠላው ውስጥ አልኮሉን የሚሠራው፣ የዳቦውን ሊጥ የሚነፋው ግን ይስት ነው፤ እሱ ደግሞ ኑክለስም ማይቶኮንድሪያም አለው። እስቲ ዛሬ ማታ ማድቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ የትኛው ምግብ በየትኛው ወገን ተሠራ?

(የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ ባክቴሪያ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በዚሁ ጓሮ ውስጥ የእንሰትን ልብ ቅጠል ቢጫ የሚያደርግ፣ ቀጥሎም ተክሉን በሙሉ የሚያጠወልግ በሽታ አለ። አርሶ አደሮቻችን በደንብ ያውቁታል፤ የእንሰት አጠውልግ ነው። የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ጠብ ይላል። በዚያች ጠብታ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለቁጥር ያታክታሉ።

ይህንን ባክቴሪያ በሳይንሳዊ መንገድ ገልጸው ለዓለም ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ። ዛንቶሞናስ ከሚባለው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ የሙዝ እርሻ ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ ገበሬ አስለቅሷል። ሥሩ እዚህ የተጠና በሽታ ስለሆነ፣ መከላከያውንም በሚገባ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

አሁን ወሳኙ ጥያቄ። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ በጨርቅ ቢጠረግ ይበቃል?

(አጭር ፋታ)

አይበቃም። ለምን? ቢላዋው ላይ የቀረ የእንሰት ሕዋስ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ይደርቃል፣ ይሞታል። አንድ የባክቴሪያ ሕዋስ ግን ሙሉ ሕይወት ነው። ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይራባል። በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን ንጹሕ የመሰለው ስለት ላይ ብዙ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቀጣዩ ጤነኛ እንሰት ሲቆረጥ በቁስሉ በኩል ይገባል።

ስለዚህ ቢላዋው ከታመመው ተክል በኋላ በእሳት ነበልባል ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ። የታመመው ተክል ተነቅሎ ይቀበር፤ ለከብት አይሰጥ። ችግኝም ከታመመ ማሳ አይወሰድ። ልድገመው፦ ቢላዋውን በእሳት፣ ተክሉን በጉድጓድ፣ ችግኙን ከጤነኛ ማሳ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የስፌት መኪናውን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ጊዜው ደረሰ።

ትራኮማን ለማጥፋት በየቀበሌው በዘመቻ የሚታደለውን አዚትሮማይሲን ታስታውሳላችሁ? ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው በዓይናችን ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ነው። ፕሮካርዮቱ ዩካርዮቱ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ጠላትን ከባለቤቱ እንዴት ይለያል?

በራይቦሶሙ ነው የሚለየው። አዚትሮማይሲን የባክቴሪያውን ራይቦሶም ይይዝና ሥራ ያስቆመዋል። የእኛ ራይቦሶም ሞዴሉ ስለሚለይ አይያዝለትም። ባክቴሪያው ፕሮቲን መሥራት ያቅተዋል፤ የዓይናችን ሕዋስ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

አሞክሳሲሊን ሌላ በር ያንኳኳል። ብዙ ባክቴሪያዎች ከፔፕቲዶግላይካን የተሠራ ግድግዳ አላቸው። የእኛ ሕዋስ ግድግዳ የለውም። አሞክሳሲሊን የግድግዳውን ግንባታ ያበላሻል፤ ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ እኛ ጋ የሚያፈርሰው ግድግዳ የለም።

እስቲ እናንተ መልሱልኝ። ትኩሳቱ የወባ ከሆነ አሞክሳሲሊን ይረዳል?

(አጭር ፋታ)

አይረዳም። የወባ ተሕዋሲ ዩካርዮት ነው፤ ያ ግድግዳ የለውም። ጉንፋን ከሆነም አይረዳም፤ የጉንፋን ቫይረስ ጭራሽ ሕዋስ አይደለም፣ ራይቦሶምም ግድግዳም የለውም። ትኩሳት በተነሳ ቁጥር ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል የምንውጥ ሰዎች ይህንን ከልባችን እናስብበት። ካፕሱሉ ወባውን አይነካም፤ ሆዳችን ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋቸዋል። ለትኩሳት ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ነው የሚሻለው።

አንድ አድማጭ፣ «የአሜባው ሜትሮኒዳዞልስ? አሜባ ዩካርዮት ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ባክቴሪያም ይገድላል» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ ጥሩ ሙግት ነው። አሜባና ጃርዲያ ኦክስጅን በሌለበት አንጀት ውስጥ ስለሚኖሩ የተሟላ ማይቶኮንድሪያ የላቸውም፤ የቀራቸው ቅሪቱ ነው። ኃይል የሚያገኙበት ኬሚስትሪ ያለ ኦክስጅን ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ይመሳሰላል። ሜትሮኒዳዞል መርዝ የሚሆነው በዚያ ኬሚስትሪ ውስጥ ሲገባ ነው። ራይቦሶምንም ግድግዳንም አይፈልግም።

(የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ የመጨረሻው ነገር እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነው። ድሮ ለታይፎይድ ክሎራምፌኒኮል በብዛት ይታዘዝ ነበር። የባክቴሪያን ራይቦሶም የሚያስቆም መድኃኒት ነው። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ የታካሚው መቅኔ ደም ማምረት ሲያዳግተው ታየ። የእኛ ራይቦሶም ሞዴሉ ይለያል አላልንም? ታዲያ መድኃኒቱ እኛ ውስጥ ምን አገኘ?

ማይቶኮንድሪያን አገኘ። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ እንደ ብዙ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ክብ ነው። የራሱ ራይቦሶምም አለው፤ ሞዴሉ ደግሞ የባክቴሪያ ነው። በትልቁ ፓርክ የኃይል ማመንጫ ውስጥ የልብስ ሰፊው መኪና ቆሞ ተገኘ!

እንዴት እዚያ ገባ? አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ማይቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ለብቻው ይኖር የነበረ ባክቴሪያ እንደሆነ አስረዳች። ሌላ ሕዋስ ውስጥ ገባ፤ አልተፈጨም፤ አብረው ኖሩ፤ በመጨረሻ አንዱ ያለ ሌላው መኖር የማይችል ሆነ። በጊዜው ብዙዎች አልተቀበሏትም። ከዓመታት በኋላ የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ሲነበብ ዘመዶቹ ባክቴሪያዎች ሆነው ተገኙ።

ክሎሮፕላስትም እንዲሁ ነው። የእሱ ቅድመ አያት ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ፀሐይን ለምግብ የሚጠቀም ፕሮካርዮት። የሳያኖባክቴሪያ ወገኖች ዛሬም በደጃችን አሉ። ኤልሳቤጥ ከበደና አምሃ በላይ የሐዋሳን ሐይቅ ጥቃቅን ዕፅዋት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ በብዛት ከተገኙት መካከል ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ይገኝበታል። ከእሱም ጎን ቦትሪዮኮከስ የተባለ አረንጓዴ አልጌ አለ፤ ይህ ደግሞ ኑክለስና ክሎሮፕላስት ያለው ዩካርዮት ነው። አንዱ ራሱ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ሌላው የሳያኖባክቴሪያ ዘር በውስጡ ይዟል። ሁለቱም በአንድ ሐይቅ፣ በአንድ ፀሐይ ይመገባሉ፤ ቆሮሶውም የሐይቁን ጥቃቅን ዕፅዋት ይመገባል።

አሚሎፕላስትም የክሎሮፕላስት ዘመድ ነው ብለን ነበር። እንግዲህ ቡላውን አከማችቶ የኖረው ኦርጋኔልም የጥንት ፕሮካርዮት ዘር ነው።

አድማጮቻችን፣ የዛሬውን ጥያቄ ያዙልን። በሰውነታችን የሚዘዋወረው የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኑክለስ የለውም፤ ማይቶኮንድሪያም የለውም። ታዲያ ፕሮካርዮት ልንለው እንችላለን? «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ አይበቃንም፤ ምክንያታችሁን ጻፉልን። ያለ ማይቶኮንድሪያ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ከቻላችሁ ጨምሩበት፤ የቆጮውን ባክቴሪያ አስታውሱ፣ ይረዳችኋል። መልሳችሁን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጠፋል)